ሰባት ቁጥር ሄልሜት

አሸዋው ተነፍቶ እስኪያልቅ አንድ ተረት ልንገራችሁ።

ዋለልኝ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በግንባታ ላይ ያለው ሕንፃ በር እንዲከፈትለት። ዛሬ ካልገባ ቦታው ለሌላ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ስምህ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ አልከፍትም» አሉ ዘበኛው።

ቆርቆሮዋ ቢሮ ሄደ። የኮምፒውተሩን መመዝገቢያ የምትሠራው ኤፍራታ ናት።

«እህቴ፣ ስሜን ጻፊልኝ።»

«የስም ሠንጠረዡን ለሙከራ ብዬ በውሸት ስም ሞልቼዋለሁ። መጀመሪያ ይጽዳ።»

የስም ሠንጠረዡን «ጽዳ» ብትለው፣ «የሰዓት ሠንጠረዥ ይዞኛል፣ አልጸዳም» አለ። ሰዓት ስምን አለቅም፣ ስም አልጸዳም፣ በር አልከፈትም፤ ዋለልኝ ደጅ።

የሰዓት ሠንጠረዡን «ልቀቅ» ብትለው፣ «የሄልሜት ሠንጠረዥ ይዞኛል» አለ። ሄልሜት ሰዓትን አለቅም፣ ሰዓት ስምን አለቅም፣ ስም አልጸዳም፣ በር አልከፈትም፤ ዋለልኝ ደጅ።

የሄልሜት ሠንጠረዡን «ልቀቅ» ብትለው፣ «ሰባት ቁጥር አልተመለሰልኝም» አለ።

«ማነው የወሰደው?» አለች ኤፍራታ። «ከዚህ ሁሉ የውሸት ስም አንዱ ብቻ የእውነት ነው። ኩምሳ ይላል።»

ኩምሳ የዋለልኝ ጓደኛ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ «አንዴ ያዝልኝማ፣ ላቤን ልጥረግ» ብሎ ሄልሜቱን ሰጠው። ከዛ ከመወጣጫው እንጨት ወድቆ ሞተ። ሄልሜቱ እስከ ዛሬ ዋለልኝ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

እየሮጠ ቤቱ ሄደ። «ሰባት ቁጥር፣ ተመለስ።»

«አንተ መቼ ለቀቅከኝ?» አለው ሄልሜቱ። ዋለልኝ ሰባት ቁጥርን አለቅም፣ ሰባት ቁጥር አልመለስም፣ ሄልሜት ሰዓትን አለቅም፣ ሰዓት ስምን አለቅም፣ ስም አልጸዳም፣ በር አልከፈትም፤ ዋለልኝ ራሱ ደጅ።

ቆሞ አየው። ከዛ ከሚስማሩ አወረደው። አቧራውን በሸሚዙ ጠርጎ ወስዶ ኤፍራታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ኤፍራታ ጣቷን ከማጥፊያው ቁልፍ አነሳች። «ይሄን ከነካሁት የኩምሳም ስም ይጠፋል እኮ።»

«የሱን እኔ ይዤዋለሁ። ንኪው።»

ነካችው። ዋለልኝ ሰባት ቁጥርን ለቀቀ፣ ሰባት ቁጥር ተመለሰ፣ ሄልሜት ሰዓትን ለቀቀ፣ ሰዓት ስምን ለቀቀ፣ ስም ጸዳ። ባዶው ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው መስመር፦ ዋለልኝ።

«ሄልሜት ስንት ቁጥር ልስጥህ?»

«ሰባት።»

በሩ ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ዋለ፤ ሄልሜቱን ግን አላወለቀም።

ተረቴም አለቀ፣ አሸዋውም ተነፋ፤ አካፋዬን አቀብሉኝ።