ቅሉ፣ ቀንዱና ሸክላው

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይስጠኝ። ሆዱ የሚባባ ካለ ግን ከአሁኑ ይነሣ፤ የዛሬው ተረት የሚያስቅ አይደለም።

ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደ ሰው ሲነጋገር፣ የቤት ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲያወራ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሦስት አዋቂዎች ይኖሩ ነበር። እመት ጦጢት አዋላጅ ናት፤ የነፍሰ ጡር ሆድ በቅቤ እያሸች ጽንሱ እንዴት እንደተኛ በጣቷ ታውቃለች። አያ ጃርት ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ነው። ጋሽ ከርከሮ ደግሞ ደም ያግማል፤ ያመመውን ቦታ በጥርሱ ጫር ጫር ያደርግና ቀንድ ደፍቶበት ደሙን ይመጥጣል።

ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ግን ሦስቱም አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል ብለው ዕውቀታቸውን ይደብቁ ነበር። ጃርት የሰጠውን ከርከሮ አያውቅም፤ ከርከሮ የሠራውን ጦጢት አታውቅም፤ ጦጢት የምታውቀውንም ማንም አያውቅም። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ» ይባባላሉ እንጂ ስለ በሽተኛ ትንፍሽ አይሉም። ያከሙበት ዕቃም በሽተኛዋ እስክትድን ድረስ ከቤቷ እንዲወጣ አይፈቅዱም ነበር።

በዚያ ጫካ ስመኝ የምትባል ድኩላ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወልዷል። ያን ጊዜ ደሟ አልቆም ብሎ ጦጢት ያተረፈቻት በስንት መከራ ነበር። ስመኝ ራሷን ስታ ስለነበር ይህን አታውቅም። ጦጢትም ስሜ ይጠፋል ብላ አልነገረቻትም።

ስመኝ እንደገና አረገዘችና እግሯ አበጠ። ወደ ጃርት ሄደች።

«አያ ጃርት፣ እግሬ አበጠ።»

«ሌላ አዋቂ ዘንድ ሄደሻል?»

«ኧረ አልሄድኩም።»

«በይ ይህን ጠጪ። ለማንም እንዳትናገሪ!»

ሥር የተዘፈዘፈበት ቅል ሰጣት። ቅሉን ከመኝታዋ ሥር ደበቀችው።

ደግሞ ራሷን አመማት። ወደ ከርከሮ ሄደች።

«ጋሽ ከርከሮ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

«ሌላ አዋቂ ዘንድ ሄደሻል?»

«ኧረ አልሄድኩም።»

«በይ አንገትሽን ስጪኝ። ለማንም እንዳትናገሪ!»

ደሟን አገመና ቀንዱን አስይዞ ሰደዳት። ቀንዱን ከገለባው ውስጥ ደበቀችው።

ደግሞ ሆዷ ከበዳት። ጦጢትን አስጠራች።

«እመት፣ ሆዴ ከበደኝ።»

«ሌላ አዋቂ ዘንድ ሄደሻል?»

«ኧረ አልሄድኩም።»

ጦጢት ግን ዓይን አላት። «አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እሾህ ቧጥጦኝ ነው።»

እሾህ እንዳልሆነ ጦጢት ወዲያው አወቀች። እሾህ እንዲያ ተራ ጠብቆ አይቧጥጥም። የከርከሮ እጅ መሆኑ ገብቷት ደሟ ፈላ። ብትጠይቅ ግን ከርከሮን ከቁም ነገር መቁጠር ሊሆንባት ነው። ስለዚህ ዝም ብላ ሆዷን አሸች። የቅቤዋን ሸክላ ከምድጃው ጀርባ አስቀምጣ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ሄደች።

ምጡ በጠዋት መጣ፤ ጦጢትም ተጠርታ ደረሰች። ታናሽ እህቷ ይታይሽ፣ እሷም የገፋች ነፍሰ ጡር፣ ከኋላ ደግፋ ያዘቻት። ልጅቱ ተወለደች፤ ጮኸችም። ይታይሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ደሙ መጣ።

ጦጢት ሆዷን አሸች፤ ደሙ አልቆመም። ሆዷን ተጫነች፤ ደሙ አልቆመም። ቅጠል ጎዘጎዘች፤ ደሙ ቅጠሉን አልፎ ወረደ።

«እመት፣ አያ ጃርትን ልጥራ?» አለች ይታይሽ።

«እኔ እያለሁ?»

«ጋሽ ከርከሮንስ?»

«እኔ እያለሁ አልኩሽ!»

ስመኝ ከንፈሯ ነጣ። «ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ሴት ናት፣ እህቴ።»

«አምጫት፤ ላሽትታት።»

አሸተተቻት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ስመኝ ሞተች። ይህን በተናገርኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ለቅሶው ሲበተን ይታይሽ ቤቱን ማጽዳት ጀመረች። ከመኝታው ሥር ቅሉን አገኘች፤ ከገለባው ቀንዱን አገኘች፤ ከምድጃው ጀርባ ሸክላውን አገኘች። ሦስቱንም ደጅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ጦጢት ሸክላዋን ልትወስድ ስትመጣ ዕቃዎቹ ማውራት ጀመሩ።

«አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለ ቅሉ።

«እዚሁ ነው የከረምኩት» አለ ቀንዱ። «አንተስ?»

«እኔም እዚሁ ነኝ። የያዝኩት ሥር እብጠት ያወርዳል። ግን ደም ያቀጥናል፤ የጠጣችው ብትቆስል ደሟ ቶሎ አይረጋም።»

ቀንዱ ደነገጠ። «ምን ትላለህ? እኔ እኮ ከዚህችው ሴት እስክሞላ ድረስ ደም ቀድቻለሁ!»

ሸክላው ማልቀስ ጀመረ። «ባለፈው ወሊዷም ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። ቅቤ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አሉ ሁለቱ።

«ከምድጃ ጀርባ ተደብቄ? ማን ጠየቀኝ?»

ይታይሽ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ወደ ጦጢት ዞረች። «እመት፣ ያውቁ ነበር?»

ጦጢት ሸክላዋን ትታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«በሉ ስሙኝ» አለች ይታይሽ። «ሦስታችሁም ደጄን እንዳትረግጡ። ብቻዬን እወልዳለሁ!» የሟች እህቷን ልጅ አስከትላ ወደ ገደሉ ጥሻ ወረደች።

የእነዚህ እህትማማቾች እናትም የሞተችው በወሊድ ደም ነበር። ይታይሽ ብቻዋን ከወለደች እንደማትተርፍ ጦጢት አወቀች።

ከርከሮን ጠርታ የሰማችውን እየነገረችው ወደ ጃርት ጉድጓድ ሮጠች።

«ሥርህ ደም ያቀጥናል?»

ጃርት እሾሁን አቆመ። «ማን ነገረሽ? የአባቴ ምሥጢር ነው!»

«እኔ ደግሞ ሥር እየጠጣች መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ ከርከሮ። «ሌላ ዘንድ አልሄድኩም አለችኝ። ዋሽታ ነው።»

«እንድትዋሽ ያደረግናት እኛ ነን» አለች ጦጢት። «ደሟ እንደማይቆም አውቅ ነበር፤ ደበቅሁ። አንገቷን አይቼ ዝም አልኩ። ይታይሽ እናንተን ልጥራ ስትለኝ እምቢ አልኩ። ከሁላችሁም የከፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን እህቷ ልትከተላት ነው።»

ጃርት እሾሁ ቀስ እያለ ተኛ። ከርከሮ መሬት መሬት እያየ «እንሂድ» አለ።

ሌሊቱን ሲፈልጓት አድረው ጥሻው ጋ ሲደርሱ ይታይሽ እያማጠች ነበር። ከጀመራት ቆይቷል፤ ድምጿ ሰልሏል።

«እንዳትገቡ!» አለች።

«አንገባም» አለች ጦጢት። «እዚሁ ሆነን እንናገር፤ አንቺ ብቻ ስሚን። የእህትሽን ደም ነገር ደብቄሻለሁ። እናትሽም በዚያው ነው የሞተችው። አንቺንም ያሰጋሻል።»

ጃርት ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ሥር ለአንቺ አይሆንም። ደም የሚያረጋ ሌላ አለኝ፤ ወንዙ ዳር የሚበቅል ሐረግ ልጥ ነው። ይኸው፣ እነዚህም ይስሙት።»

«እኔ ቀንዴን ጥዬ መጥቻለሁ» አለ ከርከሮ። «ደም ሳይ ነው የኖርኩት። የትኛው ደም የወጉ፣ የትኛው የሚገድል እንደሆነ አውቃለሁ። በዛ ስል እመኑኝ።»

ምጡ መጥቶ ሄደ። «ግቡ» አለች ይታይሽ።

ገቡ። ጦጢት ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ጠቆረ፤ ጽንሱ አይንቀሳቀስም። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ማማጧ ጽንሱን ጎድቶታል። ልጁ ሳይተነፍስ ወጣ። ወዲያው ደሙ ተከተለ።

«በዛ! አሁን!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ። ጃርት የልጡን ጭማቂ አጠጣት፤ ጦጢት በጡጫዋ ተጫነች። «አሁንም በዛ!» አለ ከርከሮ። ጃርት ደገመላት፤ ጦጢት አልለቀቀችም። «ቀነሰ» አለ ከርከሮ። «ቆመ።»

ይታይሽ ተረፈች። የራሷን ልጅ ቀበሩላት፤ የእህቷን ልጅ አቀረቡላት። እያለቀሰች አጠባቻት።

ልጅቱ አድጋ አንገቷን ዛፍ ላይ ስታሽ፣ አንድ ጠዋት «እናቴን ምን ገደላት?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱ አዋቂዎች እዚያው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡር የሚጠይቁት አብረው ነው። ጦጢት ወደ መሬት አየች። ጃርት ወደ ከርከሮ አየ። ከርከሮ ጎርደድ ጎርደድ አለ።

«ንገሯት» አለች ይታይሽ።

ነገሯት።

እናንተም ስሙኝ። የምታረግዝ፣ የምታምጥ፣ የምትደማ ሴት አካሏ አንድ ነው። አንዱ እግሯን፣ አንዱ ራሷን፣ አንዷ ሆዷን ይዘው ካልተነጋገሩ፣ አዋቂ ሞልቶ እሷ ትሞታለች። ተረቴ ይኸው ነው፤ ወስዳችሁ እንዳትደብቁት።