ለባላንጣ የተጫረ እሳት

ድሮ፣ እንስሳት ከሰው ጋር ጨዋታ በሚካፈሉበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር ይመኙሻል የምትባል ባልቴት ነበረች። ጎረቤቷ ደረበ ይባላል። ሁለቱ አይነጋገሩም። ደረበ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እሷ ጓሮ አንድ ክንድ አስገብቶታላ! አንድ ክንድ ደግሞ ለጎመን ብዙ ነው።

በሁለቱ ቤት መሃል የምትመላለስ አንዲት ድመት ነበረች። ለይመኙሻል «ደረበ እንዲህ አለሽ» ትላታለች፤ ወተት ይቀዳላታል። ለደረበ «ይመኙሻል እንዲህ አለችህ» ትለዋለች፤ እዚያም ወተት ይቀዳላታል። ጠቡ በረታ፣ ድመቷም ወፈረች።

ያኔ ክብሪት የሚባል ነገር የለም። እሳት የጠፋበት ሰው የሸክላ ስባሪ፣ ገል የሚሉትን፣ ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም ጭሮ ይመለሳል። ታዲያ አንድ ሐምሌ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። ወንዙ ሞልቶ የቀረው መንደር ከማዶ ቀረ። የደረበ እሳት ጠፋ። ሚስቱ ደግሞ የአራት ቀን አራስ ናት።

ደረበ ገሉን ይዞ ይመኙሻል ደጅ ቆመ። «ቤቶች» ለማለት እንኳ አፈረ።

ድመቷ ከምድጃው ዳር ሆና «እንዳትሰጪው» አለች። «ትናንት ‹የዚያች አሮጊት ጓሮ ገና እስከ ደጃፏ የኔ ይሆናል› ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ይመኙሻል ልቧ ደነደነ። ድንጋዩ ትዝ አላት፣ ጎመኑም ትዝ አላት። እጇ ግን ሳታስበው ወደ አንገቷ ማተብ ሄደ።

«ይህን ያሰርኩት ለሚወደኝ ብቻ ደግ ልሆን ነው እንዴ?» አለቻት ድመቷን። «ለሱማ አንቺም ወተት ለሚቀዳልሽ ደግ ነሽ።»

ተነሥታ ትልልቁን ፍም መርጣ ገሉ ላይ አደረገች፤ እንዳይጠፋም አመድ አለበሰችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...» አለ ደረበ።

«አራሷን ይበርዳታል፣ ሂድ። የድንጋዩን ነገር ሲያባራ እንነጋገራለን።»

ሳምንት አለፈ። ዝናቡ የይመኙሻልን ጣራ ነድሎ ምድጃዋ ላይ ወረደ፤ እሳቷ ድርግም አለ። እሷም በንዳድ ተይዛ ነበርና ከመደቧ መነሣት አቃታት። ድመቷ ይህን አይታ ወደ ሞቀው ቤት እብስ አለች።

«እትዬ እንዴት ናት?» አላት ደረበ።

«ደህና ናት። ‹እሳት ለማኝ› እያለች ትስቅብሃለች።»

ደረበ ወደ ውጭ አየ። ከይመኙሻል ጣራ ጭስ አይወጣም።

«በዚህ ብርድ ያለ እሳት የሚስቅ ሰው የለም» አለ። በገሉ ፍም ጫረ፣ አንድ ሸክም ሰንበሌጥ አነሣ፣ ሄደ። ምድጃዋን አነደደ፣ የተነደለውን ጣራ ደፈነ።

«ያንቺው ፍም ነው፣ እትዬ። አልጠፋም» አላት።

ሲያባራም ማንም ሳይጠይቀው ድንጋዩን ወደ ጥንት ቦታው መለሰ። ከዚያ ቁጭ ብለው ድመቷ ያመላለሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ ቢነጋገሩበት፣ አንዱም ከአፋቸው ያልወጣ ሆኖ ተገኘ። ወተቱ በሁለቱም ቤት ቀረ፤ ድመቷም አይጥ ማደን ጀመረች። ዛሬም ምድጃ ዳር ዓይኗን ከድና የምትቀመጠው «እኔ ምንም አላየሁም» ለማለት ነው ይባላል።

እኔ የሰማሁትን ጫርኩላችሁ፤ እናንተም ሳይጠፋ ለሌላው ጫሩለት።

ለባላንጣ የሰጡት ፍም፣ ለራስ ክረምት ያስቀመጡት እሳት ነው።