አርባ ሦስቱ ክፍት ገጾች

አቶ ባንተይርጉ የአንዲት ከተማ የንግድ ፈቃድ ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ እንግዶች ጋብዘው ሳለ የቤታቸው ኮምፒውተር አንዲት የኢንተርኔት ገጽ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ቢፈጅባቸው፣ በሰፈሩ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አስጠሩ። ሴትዮዋ የሱቋን ፈቃድ ለማሳደስ ወር ሙሉ ቢሯቸው ብትመላለስም «ሰኞ ነይ» ከመባል በቀር ያገኘችው አልነበረም።

መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመሩን ፈተሸች፤ ደህና ነው። ቀጥላ ቫይረስ ፈለገች፤ የለም። በመጨረሻ የተከፈቱትን ገጾች ብትቆጥር አርባ ሦስት ሆኑ።

«ጌታዬ፣ ጥቂቶቹን ልዝጋ?»

«አንዱንም እንዳትነኪ! ጊዜ ሳገኝ አያቸዋለሁ» አሉ። እንግዶቻቸውን ቃኘት አድርገውም፣ «ይልቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ንገሪኝ። የኮምፒውተሩ ነው ካልሽ ገና አዲስ ነው፤ ሥራሽን አታውቂም ማለት ነው። የእኔ ነው ካልሽ ደግሞ ፈቃድሽን እርሺው» አሏት።

ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመች።

«ጥፋት እንኳ አይደለም፣ ጌታዬ፤ የቤቱን ደንብ ተምሮ ነው። አርባ ሦስት ጉዳይ ይከፍትና አንዱንም ሳይጨርስ፣ አዲስ የመጣውን ‹ጠብቅ› ይላል። እኔም ወር ሙሉ ቢሮዎ ደጅ ስለጠናሁ ነው ሕመሙን ቶሎ ያወቅሁት።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ባንተይርጉ ሊቆጡ ሞክረው ሳቁ አሸነፋቸው።

«በይ ዝጊያቸው። ፈቃድሽንም ሰኞ ነይና ውሰጂ።»

«የትኛው ሰኞ፣ ጌታዬ?» አለችና ማመልከቻዋን ከመሣሪያ ቦርሳዋ አውጥታ ከነእስክሪብቶው አቀበለቻቸው።