ሐይቁ ያልጎረሳት ቤት

«ይህችን ዳር ለማን ትተያታለሽ?»

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ በየክረምቱ ከጉማሬ ሰፈር አንድ አንድ ጉርሻ መሬት እየቆረሰ በሚበላበት ዘመን፣ አቶ ሽብሩ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ባለቤታቸውን እትዬ ማንጠግቦሽን እንዲህ ብለው ጠየቋቸው። ዓሣ እየጠበሱ ከሚሸጡባት ዓሣ ቤታቸው ጓሮ ቁጭ ብለው መረብ እያሰጡ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ከት ብለው ሳቁ።

«ሐይቁ መቼ አስተርፎ! እሱ ይጨርሳታል እንጂ እኔ ለማን እተዋታለሁ?»

አቶ ሽብሩም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ጥያቄያቸው ግን ከእትዬ ማንጠግቦሽ ጋር ቀረች። ዓሣ ሲያገላብጡ ትመጣባቸዋለች፣ የዓሣ ማባያውን የበርበሬ ዳጣ ሲፈጩ ትመጣባቸዋለች። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ስለነበር ግን አላስጨነቀቻቸውም። ሐይቁ መጀመሪያ አጥሩን ወሰደ። ቀጥሎ የፓፓያውን ዛፍ ወሰደ። ከዚያ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን ወሰደ፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። እንዲህ እያደረገ የሚመጣ ወራሽ እያለ ሌላ ወራሽ ማሰብ ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈርተኛውን ሾላው ሥር ሰበሰበ። «መልሶ ማልማት» የሚል ነገር ሲሰማ ጉማሬ ሰፈር ዕቃውን መሸከፍ ይቃጣዋል። የመጣችው መሐንዲስ፣ ኢንጂነር ንግሥት፣ ወጣት ናት፤ ነገር ማድበስበስ አታውቅም።

«ዳሩን የሚጠብቀው የድንጋይ ግንብ ሥራ የሚጀመረው ከክረምት በኋላ ነው» አለች። «ዳሩ ይህን ክረምት ሳይናድ ከቆመ፣ ሰፈራችሁ እዚሁ ይለማል። ከተናደ ግን እዚህ ቤት እንዲሠራ ማንም አይፈቅድም። ሁላችሁም ተራራው ሥር ትሄዳላችሁ።»

«ተራራው ሥር ምን ልናጠምድ ነው?» አሉ የአጥማጆቹ ሽማግሌ ጋሽ ቦርሳሞ። «ጅብ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ መሐንዲሷም ሳቀች። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልሳቁም። ውሃው ዳር ያለው የመጨረሻው ግቢ የሳቸው ነው። ዳሩ የሚናድ ከሆነ ከጓሯቸው ጀምሮ ነው የሚናደው፤ ሰፈሩም ተከትሎ ይሄዳል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

የመጀመሪያው ግዛቸው ነው። በአባቱ ጀልባ ያጠምዳል፣ ቃል ከአፉ በስንት ልመና ነው የሚወጣው። ሌላው ሰው ሐይቁን ሲያይ ውሃ ያያል፤ ግዛቸው ግን ውሃው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያያል። ከስብሰባው ሲመለሱ ዳሩ ላይ ቆሞ ቆየና «ድሮ ከፊታችን ፊላ ነበረ» አለ። እውነቱን ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድገው ያ ረጅም ፊላ ሰፈሩን እንደ መጋረጃ ከልሎት ነበር። አንዱ ለከብቱ አጨደው፣ አንዱ ለጣሪያው አጨደው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሞገዱን መንገድ ላይ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ግዛቸው መረቡን ከውሃ አውጥቶ ሰቀለ። ከሐይቁ ማዶ እየቀዘፈ ፊላን ከነሥሩ እየነቀለ ያመጣና ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይተክል ጀመር። አንድ ጉማሬ አዲሱን ማሳ ወደደለት፤ ከውሃው ብቅ እያለ አንድ ረድፍ ይግጥለት ነበር። ግዛቸው የእናቱን ትልቁን መጥበሻ ተውሶ፣ ጀልባው ላይ ቆሞ በመቅዘፊያ እየደበደበ አባረረው። ጉማሬው ሄደ። መጥበሻው ግን እስከ ዛሬ ሞላላ ነው። ያን ሁሉ ወራት ግዛቸው አንዲት ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አላጠመደም፤ እናቱ ለደንበኞቻቸው ዓሣ ከሌላ አጥማጅ ይወስዱ ነበር።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት። እጇ ሥራ ከፈታ የታመመች ይመስላታል። መረብ መቋጠር ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሷ የቋጠረችው ደግሞ በጥርስም አይፈታም። የወንድሟን ፊላ አየችና «ይህ ሥር እስኪሰድ ሐይቁ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል?» አለች። ከዚያ ዞር ስትል የተሰቀለው መረብ ታያት።

አላስፈቀደችም። መረቡን ቆርጣ፣ ደራርባ፣ ሰው የሚያስገባ ከረጢት አድርጋ ቋጠረችው። የሰፈሩን ሴቶች ጠርታ ቁጭ አድርጋ አስተማረቻቸው። ቋጠሮው የላላባትን «ይህ እኮ ቀጠሮ አይደለም የኔ እህት፣ አጥብቂው!» እያለች ትስቅባታለች። ከረጢቶቹን ድንጋይ እየሞሉ ከዳሩ ግርጌ ደረደሯቸው። ግዛቸው ከማዶ ሲመለስ የመረቡ መስቀያ ባዶ ነው።

«መረቤስ?» አለ።

«ይኸው፤ እያጠመደ ነው።»

«ምን?»

«ሐይቁን።»

ግዛቸው እህቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ፊላውን ሊተክል ውሃው ውስጥ ገባ። ነገር ግን ከረጢቶቹ ገና ግማሽ ሳይሞሉ ድንጋይ አለቀ። ጉማሬ ሰፈር አሸዋ እንጂ ድንጋይ የሚገኝበት አገር አይደለም።

ሦስተኛው መክብብ ነው። ቀልደኛ፣ ዘፋኝ፣ ለጥር ሊያገባ ቀን የቆረጠ። ከእናቱ ቤት ጓሮ፣ ዳሩ አፋፍ ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ ከሩቅ እያስመጣ በገዛ እጁ የጫጉላ ቤት ሠርቶ ነበር። እጮኛው ሰናይት በሩን ሰማያዊ ቀብታለታለች። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም።

ኢንጂነር ንግሥት ሥራውን ልታይ መጣች። ፊላውን አይታ ደስ አላት፣ ከረጢቶቹን በእግሯ ገፋ አድርጋ ደስ አላት። ከዚያ ቀና ብላ የመክብብን ቤት አየች። «ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል» አለች። «ቤቱ ደግሞ ከላይ ተጭኖታል። ሞገድ እንዲህ ያለውን ከሥር ከሥሩ ቦርቡሮ ነው የሚጥለው። ተዳፋት ቢሆን ኖሮ ሞገዱ ሽቅብ ሲወጣ ይደክመው ነበር።» ይህን ብላ ሄደች። አፍርሱ አላለችም።

በማግስቱ እትዬ ማንጠግቦሽ የመዶሻ ድምፅ ሰምተው ወጡ። መክብብ የጫጉላ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ቆርቆሮ ይነቅላል።

«አንተ ልጅ አበድክ? ሠርግህ እኮ ጥር ነው!»

«እማዬ፣ መውደቁ ካልቀረ ለሐይቁ ከሚወድቅ ለእኛ ይውደቅ!»

ድንጋዩ ሁሉ ወደ ትርንጎ ከረጢት ገባ። መክብብ አፋፉን በዶማ እየናደ ተዳፋት አደረገው። ወሬው ሰናይት ጋ ደረሰና መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፍርስራሹ ፊት ቆመች።

«በሩን ብቻ እንዳትነካው» አለች። «እሱን የቀባሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሰማያዊውን በር በሁለት ሰው አሸክማ እናቷ ቤት ወሰደችው፤ ተመልሳም ድንጋይ ማቀበል ጀመረች።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ሐይቁ እንደ ልማዱ ተነሣ። ሞገዱ ከሩቅ እንደ ኮርማ እያጓራ መጣ፤ ፊላው መሐል ሲገባ ግን ተበጣጠሰ። የቀረው ከረጢቶቹ ላይ ተጋጨ፣ ተዳፋቱን ሽቅብ ወጣ፣ የእትዬ ማንጠግቦሽን የኩሽና ደፍ አረጠበ። ከዚያ ተመለሰ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ልጆቹ ሦስቱም ጎን ለጎን ቆመው ያዩት ነበር። ግዛቸው በሹክሹክታ «ደከመው» አለ።

መስከረም ላይ ኢንጂነር ንግሥት ዳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ ለካችና «አንዲት ጉርሻ አልወሰደም!» ብላ ጮኸች። እልልታው ማዶ ተሰማ። ጋሽ ቦርሳሞ በላስቲክ ቦቲያቸው ጨፈሩ፤ አንደኛው ቦቲ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እትዬ ማንጠግቦሽ መሐንዲሷን ለብቻዋ ጎተት አደረጓት። «እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ያቆመው ማንኛቸው ነው?»

«ፊላው ባይኖር ሞገዱ መረቡን በጥሶት ይሄድ ነበር። መረቡ ባይኖር ፊላው ሥር ሳይሰድ ይነቀል ነበር። ዳሩ ተዳፋት ባይሆን ደግሞ ሁለቱም አያድኑትም ነበር። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ እናቴ፤ እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም።»

ማዘጋጃ ቤቱ ቃሉን ጠበቀ። እስከ ጥር ሌት ከቀን ተሠርቶ የድንጋይ ግንቡ ተገነባ፣ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፣ መብራትና መቀመጫ ተተከለ። የግዛቸው ፊላ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ጉማሬውም ተፈቀደለት መሰለኝ፣ አልፎ አልፎ ይመጣል። የሰፈርተኛው ቤቶች ከመንገዱ ወዲያ በረድፍ ተሠሩ፤ የእትዬ ማንጠግቦሽም ቤተሰብ አንድ አገኘ። ውሃው አፍ ላይ ግን አንዲት ቤት ብቻ ተፈቀደች፤ ዓሣ ቤቷ። ንጹሕ፣ ሰፊ በረንዳ ያላት፣ ከኋላዋ አንዲት መኝታ ክፍል ያላት። ሰናይት ሰማያዊውን በር ይዛ መጣችና «ልኩ ነው» አለች። ተገጠመ፤ ልኩ ነበር።

በምረቃው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቁልፉን ለእትዬ ማንጠግቦሽ ሰጡ። «ይህች ቤት አትሸጥም፣ አትከፈልም» አሉ። «ለጊዜው በእርስዎ ስም ትሁን። ከእርስዎ በኋላ የሚይዛትን አንድ ሰው ሲመርጡ መጥተው ይነግሩናል።»

ያን ጊዜ የአቶ ሽብሩ ጥያቄ እንደገና መጣች። ስትመላለስ የኖረች ጥያቄ ናት፤ ዛሬ ግን «ሐይቁ» ተብላ የምትመለስ አልሆነችም። እግራቸው መቆም ሰልችቶታል፤ አንዱን መጥራት አለባቸው። ልጆቻቸውን ምን እንደሚሉ ጠየቋቸው።

«መረብ የለኝም» አለ ግዛቸው። «ጀልባዬን ከዚህ በር ሥር ካሰርኩ ግን ኑሮዬን እንደገና እጀምራለሁ።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ከእማዬ ጎን ዘይት ፊት ቆሜያለሁ» አለች ትርንጎ። «ይህን ቤት የማያውቅ ሰው ይያዘው ካላችሁ፣ እኔ የት ልቁም?»

«ከሦስታችን ቤት የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ» አለ መክብብ። «አሁን ሰናይትን አንድ ቤት አስገብቼ ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከእህቴ ጋር በአንድ ጊዜ ላጋባት ነው?»

ይህን ሲሰማ ሰፈሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

«ግዛቸው ባያይ ማን ያይ ነበር?» አሉ ጋሽ ቦርሳሞ።

«ማየትማ ጉማሬውም አይቷል!» አለች ከትርንጎ ጋር ስትቋጥር የከረመች ጎረቤት። «ያቆመው የእኛ ቋጠሮ ነው።»

«በማን መረብ? ደግሞ ማንን አስፈቅዳችሁ?» አሏት ጋሽ ቦርሳሞ።

«ድንጋይ ያልገባበት መረብ ምን ያቆማል?» አለች ሰናይት። «ድንጋዩ ከየት መጣ?»

«ቤቱማ የቆመው እናቱ መሬት ላይ ነበር! እሱስ ማንን አስፈቀደ?» አለች ጎረቤቷ።

«መሬቱ የእናቱ ነው፣ ላቡ ግን የራሱ!»

ሠርጉ ጥር ላይ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ሆነ። ሙሽሮቹ በግዛቸው ጀልባ መጡ፣ የሰናይትን ቀሚስ የሰፋችው ትርንጎ ናት። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ እንኳ መሐል መሐል ቆመው ይከራከሩ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ልጆቻቸውን አዩ፤ ሦስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስክስታ ይመታሉ። የአንዱን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የሌላው ስም ይመጣባቸዋል። ሐይቁ ያልለያያቸውን ልጆች ይህች ትንሽ ብረት እንዳትለያያቸው ፈሩ። ዝም ብለው ቢያልፉ ደግሞ ከሳቸው በኋላ እነሱ ተጣልተው ይወስኑታል፤ ይህ የባሰ ነው።

በሠርጉ ማግስት መዶሻና ሚስማር ይዘው ወጡ። ከሰማያዊው በር በላይ ሚስማሩን መቱ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰቀሉት።

«ለጊዜው ሦስታችሁም ሥሩባት» አሉ። «እኔ ለብቻዬ የምፈርደው ነገር አይደለም። የሚበላውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ሌላ ሰው ሊያፈርሰው ያልቻለውን መልስ የሰማሁ ቀን፣ ቁልፉን አውርጄ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ ሰው ተስማምቶ ያውቃል?» አለ መክብብ።

«እሱን እናያለን። እስከዚያው ዓሣው እንዳያርርብህ፣ አገላብጥ።»

እንዳሉት አደረጉ። ወደ ጉማሬ ሰፈር ብትወርዱ በረንዳው ላይ ክርክሩን ከሩቅ ትሰሙታላችሁ። ለብለብ ዓሣ አዝዞ የመጣው ሰው መልሱን ሳይጨርስ ይበርድበታል፤ ሌላ ያዝዛል። ጋሽ ቦርሳሞ በየቀኑ እየመጡ ያንኑ መልስ ይሰጣሉ፤ በየቀኑ አንድ ሰው ያፈርስባቸዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ በዚያ ሞላላ መጥበሻ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነዳጣው ፊታችሁ ያስቀምጡና፣ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ቁልፉ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው። አስቀድሞ ያየው ልጅ አለ፤ የቋጠረችው ልጅ አለች፤ ቤቱን ያፈረሰው ልጅ አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ለማን ይውረድ?