የይግዛው ማርና የእናኑ ሰፈፍ

እኛ አገር አንድ ሰው ገንዘብ አገኘሁ ብሎ የማያውቀውን ንግድ ልጀምር ሲል፣ ከጎኑ የተቀመጠ አዛውንት ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ወጣቶቹ ይስቃሉ እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቁም። አንዳንዱማ የመጽሐፍ ቃል ትመስለዋለች። ምኗ የመጽሐፍ ቃል ነው፣ የጠጅ ቤት ነገር ናት እንጂ። እኔ ከአያቴ ነው የሰማሁት፤ እሱ ደግሞ በቦታው ነበርኩ ይል ነበር። መቼም አያቴ ጠጅ ካለበት ቦታ ቀርቶ ስለማያውቅ አምነዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ በአንዲት የገበያ መንደር ይግዛው የሚባል ሀብታም ነበረ። የመንደሯን ስም አልጠራም፤ የልጅ ልጆቹ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ነገርም ይወዳሉ። ይግዛው ሃምሳ ቀፎ ንብ ነበረው። ማሩን ለነጋዴ ሲሸጥ ኖሮ፣ አንድ ጥቅምት ላይ ነጋዴዎቹ ጠጅ እያደረጉ ምን ያህል እንደሚያተርፉበት ሰማና እህል ከአፉ አልገባ አለ። ሦስት ጥማድ በሬ ሸጦ ከቀፎዎቹ አጠገብ ሰፊ ጠጅ ቤት አሠራ፤ ሃያ አዳዲስ ጋንም ገዛ። ያው ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ጠጅ ጠጥቶ እንጂ ጥሎ አያውቅም።

በዚያው መንደር እናኑ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሠርጉም ተዝካሩም ያለ እሷ ጠጅ አይሆንም። ሀብቷ ግን ከእናቷ የወረሰቻቸው ሁለት ጋኖች ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ለሰው ጠጅ እየጣለች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። የጠጅ ቤቱን ወሬ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ይግዛው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ማሩን እርስዎ ያምጡ፣ ሙያውን እኔ ላምጣ። ትርፉን እኩል እንካፈል» አለችው።

«የምን ሙያ?» አለ ይግዛው። «ጠጅ ማርና ውሃ አይደለም እንዴ? ማሩ ከጓሮዬ፣ ውሃው ከወንዝ። አንቺ ምን ልትሆኚ ነው መሀል የምትገቢው?»

«ጌሾውስ? ጋኑን በግራዋ ማጠቡ፣ በወይራ ማጠኑስ?»

ይግዛው ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚሳቅበትን ንግግር የተናገረውም ያን ጊዜ ነው። «ስሚ እናኑ፣ ጌሾ የድሃ ዘዴ ነው። ድሃ ማር ሲያጥረው ጉድለቱን በመራራ ቅጠል ይሸፍናል። ግራዋችሁም መራራ፣ ጭሳችሁም መራራ። እኔ ምን አጥቼ ነው እንግዳዬን ምሬት የማጠጣው?»

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀብታም ሲናገር እንዲህ ነው፣ አንገት ይላላል። እናኑ ግን ንድድ አላት። እናቷን የሰደበባት ያህል ተሰማት።

«እንግዲያው እንወራረድ» አለችና በገበያ ቀን ነገር የሚዳኙት አለቃ ደምሌ ዘንድ ሄዱ። ውርርዱም እንዲህ ሆነ። ለአስተርእዮ ማርያም ሁለቱም ጠጃቸውን ለሕዝብ ያቀርባሉ። ሰው የይግዛውን ከመረጠ፣ እናኑ ሁለቱን ጋኖቿን አስረክባ ሦስት ዓመት ያለ ዋጋ ታገለግለዋለች። የእሷን ከመረጠ ደግሞ የጠጅ ቤቱ እኩሌታ የእሷ ይሆናል።

«ለመሆኑ ማር ከየት ልታመጪ ነው?» አላት ይግዛው።

«ያን የሚደፉትን ሰፈፍ ይስጡኝ» አለችው። ሰፈፍ ማለት ማሩ ተጨምቆ ካለቀ በኋላ ጥቂት ማር እንደተጣበቀበት የሚቀረው ሰም ነው።

«ተሸክመሽልኝ ሂጂ፣ ዝንብ ሰብስቦብኛል።»

አለቃ ደምሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጋኖችሽ ከሄዱ እነዚያ ሕፃናት ምን ሊበሉ ነው?» አሏት። «እሱን እያሰብኩ ነው የፈራሁት፣ አባቴ» አለች። ብትፈራም ሰፈፉን ተሸክማ ሄደች።

ይግዛው አዳዲሶቹን ጋኖች በውሃ ለቅለቅ አስደረገና ማሩን ገለበጠባቸው። ሎሌው በአንድ ማር ሦስት ውሃ ሊጨምር ሲል «የማን ቤት መሰለህ?» ብሎ ተቆጣው፤ ሁለት ማር በአንድ ውሃ አስደረገ። ከዚያ ከድኖ ተኛ። እናኑ ጋኖቿን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ የሰፈፉን እጣቢ አጥልላ ጌሾዋን ጨመረች። ጠዋትና ማታ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ሲንሾካሾክ ትተወዋለች፣ ዝም ሲል ገለጥ አድርጋ ታማስለዋለች። ጎረቤቶቿ ከጋን ጋር ማውራት ጀመረች ብለው አሟት።

የማርያም ዕለት ከንግሥ መልስ ሰው ሁሉ ወደ ይግዛው ጠጅ ቤት ጎረፈ። የመጀመሪያውን ብርሌ «ይጣፍጣል» እያሉ ጨረሱት። ሁለተኛው ላይ መጠጡ ከብርሌው አንገት አልወርድ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ብርሌውን አፋቸው ላይ ደፍተው ወደ ሰማይ እያዩ ይጠብቁ ጀመር። የአለቃ ደምሌ ጺም ከጋቢያቸው ጋር ተጣበቀ። አንድም ሰው ሞቅ አላለው፤ ሆዱን የነፋው ግን ብዙ ነው። አያቴ «ሦስት ጠጥቼ የሚስቴን ስም እንኳ አልረሳሁም» ብሎ አዝኖ ወጣ።

ይሉኝታ ይዟቸው የቀሩት ደግሞ ብዙም አልቆዩም። ቀኑ ሲሞቅ የሃምሳው ቀፎ ንብ ማሩን ሸትቶት ጠጅ ቤቱን ሞላው። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ማረፊያ ያገኘውም ጋን የሚታጠንበት ጭስ ስላልተለየው ንብ የማይደፍረው የእናኑ ጎጆ ውስጥ ነው። እዚያ የገባ ሰው አንድ ብርሌ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ተረብና ሳቅ ጀመረ። የሚወጣ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ ራሱ ይግዛው አንድ ዓይኑ አብጦ እየሮጠ ገባ። እናኑ ብርሌ ሞልታ ሰጠችው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ይሄ ከየትኛው ማር ነው?» አለ።

«ሰፈፍዎ ነው፣ ጋሼ። ተሸክመሽልኝ ሂጂ ያሉኝ።»

ይግዛው ብርሌውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀስ ብሎም ብርሌውን ዘረጋና «ድገሚኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ አለቃ ደምሌ ዞሮ ፍርዱን ይስጡን አላቸው። አለቃም «ተወራራጁ ራሱ ድገሚኝ ብሎ ፈርዶ የለም ወይ? የጠጅ ቤቱ እኩሌታ የእናኑ ነው» አሉ። ከዚያም ለሕዝቡም ለይግዛውም በሚሰማ ድምፅ «ማር ከቀፎ፣ ጠጅ ከእጅ» አሉ።