ቀዳዳዋን የደበቀች ጎታ

ተረቴ ከሩቅ መጥታለች፤ ጆሮ ያለው ያሳርፋት።

ዕቃ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአያ ጓንጉል ጓዳ አንዲት የጭቃ ጎታ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ባቄላ ስትይዝ ከርማለች። ከግርጌዋ አይጥ የቦረቦራት ቀዳዳ ነበረባት። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ባቄላ አያሳልፍም። እሷም አፍራ ለማንም አልተናገረችም።

ሐምሌ ሲገባ ባቄላው አለቀ። አያ ጓንጉል የዘር ጤፉን በሙሉ ጎታዋ ውስጥ ገለበጠው።

«ነገ እንዘራለን። ሌላ ዘር የለንም» አላት ሚስቱን አገሬን። ከዚያ በሩን ዘግተው ለጎረቤት ደቦ ወጡ።

ወዲያው ጤፉ ሽርርር አለ።

ጎታዋ ሆዷ ሲጎድል ተሰማት። «ኧረ ድረሱልኝ! ዘሩ አለቀ!»

ክዳኗ ቀይ ቆርቆሮ ነበር። ድሮ በአውራ ጎዳና ዳር «ስቶፕ» የሚል ነጭ ጽሑፍ ይዞ መኪና ያስቆም ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ተጥሎ አያ ጓንጉል አነሣው።

«ምን ያስጮህሻል?» አላት ቆርቆሮው። «ሃያ ጎማ ያለው መኪና በእኔ ቃል ቀጥ ይል ነበር። ጤፍ ምኑ ነው? ስቶፕ!»

ጤፉ ሽርርር አለ።

«ስቶፕ ብዬሃለሁ!»

ሽርርር።

ዘነዘናው ከጥጉ ሳቀ። «ጤፍ ፊደል አልቆጠረ! ዞር በሉ፤ እኔ በጭንቅላቴ እደፍነዋለሁ።» ተንደርድሮ ቀዳዳውን ወጋው። ጭቃው ተፈረከሰ፤ ቀዳዳው ሰፋ። ጤፉ አሁን እንደ ውኃ ይወርድ ጀመር።

«ገደልከኝ!» አለች ጎታዋ።

ዶሮዋ በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። «እኔ አለሁልሽ እቴ። የወረደውን ሁሉ እለቅመዋለሁ፤ መሬት ላይ ምንም አይታይም» አለችና ትለቅም ጀመር።

ጎታዋ እስከ ወገቧ ጎደለች። ነገ አያ ጓንጉል በሬ ጠምዶ እጁን ሲሰድ፣ ባዶዋን ሲያገኛት ታያት።

ያን ጊዜ ከገመድ ሥራ የተረፈ የቃጫ ጭብጥ ከመዝጊያው ኋላ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ዶሮ፣ አንሥተሽ ቀዳዳው ውስጥ ክተቺኝ።»

«ከርሞ የሚበላውን ለማትረፍ? ከርሞ ለዶሮ ምኗ ነው?»

«ዘር ካለቀ አያ ጓንጉል ዘር ይገዛል። ምን ሸጦ ይገዛ ይመስልሻል?»

ዶሮዋ በሬውን አሰበች። በሬው ያርሳል፤ አይሸጥም። አህያዋን አሰበች። አህያዋ ትጭናለች። ከዚያ ራሷን አሰበችና የያዘችው ጤፍ ከአፏ ወደቀ። ቃጫውን ነክሳ ሮጠች። በምንቃሯ ደጋግማ ወተፈችው።

ሽር አለ። ሽ አለ። ዝም አለ።

ቆርቆሮው «የቀባኝ ሽማግሌ ለባልንጀራው ሲያጫውተው ሰምቼ ነበር» አለ። «ይህ የተጻፈብኝ ቃል በእንግሊዞች አገር ዛሬ ‹ቁም› ማለት ነው። ጥንት ግን፣ መኪና ሳይኖር፣ ቀዳዳን መወተፍ ማለት ነበር። የተወለደውም ከዚያ የቀደመ ሕዝብ የተልባ ቃጫን ከሚጠራበት ስም ነው አሉ። እኔ ግን ሥራውን ረስቼ ጩኸቱን ይዤ ቀረሁ።»

«እንግዲህ ጌታዬ፣ የአንተም ዘር ቃጫ ነበር በለኛ!» አለ ዘነዘናው።

«አንተስ ዝም በል» አለች ጎታዋ።

ባልና ሚስቱ ተመለሱ። አገሬ የፈሰሰውን አይታ ደረቷን መታች። «ወይ ጉዴ! ዘሩ!»

አያ ጓንጉል ተንበረከከ። ውታፉን ዳሰሰ፤ ጎታዋን ቀና ብሎ አያት።

«ቀዳዳው የዛሬ ነው?»

«የአምና ነው» አለች ጎታዋ።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አፈርኩ።»

«እፍረት አይዘራም» አላት።

አገሬ የፈሰሰውን ከአፈሩ ጋር አፍሳ እስኪመሽ አበጠረች። የዳነው ዘር ለላይኛው ማሳ በቃ። የታችኛው ማሳ ግን ያን ዓመት ጦሙን አደረ።

ስለዚህ እላችኋለሁ፦ ቀዳዳህን በባቄላ ጊዜ ተናገር፤ ጤፍ ከገባ በኋላ ጩኸት አይወትፈውም።