ንፍሮ የናቁት ደቦኞች

አንድ ጊዜ በአህያ የሽምብራ ማሳ ዳር፣ በደቦ ምሳ ላይ፣ ጅብ የቀረበለትን ገበታ በእግሩ ገፍትሮ ይጮህ ነበር።

«ባቄላ! እንደገና ባቄላ! ከማለዳ ጀምሮ ወገቤ እስኪቆረጥ ሽምብራ የነቀልኩት ለዚህ ነው?»

«አያ ጅቦ፣ ባቄላ ብቻ እኮ አይደለም» አለች አህያ። «ንፍሮው ስንዴም አለበት። ስልጆ አለ። ያውና ሽሮውም እየተንተከተከ ነው። ያለኝን ነው ያቀረብኩት።»

«ያለሽን? ያለሽ ሌላም አለ!» አለና ጅብ የአህያን ሽንጥ እያየ ምራቁን ዋጠ።

«አፍህን ሰብስብ!» አለ ዝንጀሮ ንፍሮውን እየዘገነ። «በደቦ ቀን ደቦኛ ደቦኛን አይነካም!»

እውነቱን ነው። የዚያ መንደር ደንብ እንዲህ ነበር። እንስሳቱ ተሰብስበው የአንዱን ማሳ በሚያነሡበት ቀን፣ አብሮ የሠራውን ሁሉ ጥርስም ጥፍርም አይነካውም። ባለማሳውም ሠራተኛውን ያበላል። ያን ቀን ደግሞ ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቁሯል። ሽምብራው ተነቅሎ ሳይከመር ዝናቡ ከደረሰ፣ የአህያ የዓመት ልፋት ጭቃ ላይ ሊቀር ነው።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ አንበሳ ዞረ። አንበሳ የመንደሩ ዳኛ ስለሆነ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር።

«ጌታዬ፣ ጅብ ምን አጠፋ? ንፍሮ እኮ የድሃ ምግብ ነው። ጉልበት የሚሰጥ ሥጋ ብቻ ነው። ደንቡን ሳንሰብር ደግሞ ሥጋ አለን።»

«የት?» አለ ጅብ ጆሮውን አቁሞ።

«ያቻትና!» አለ ቀበሮ ማሳው ዳር ወደምትጭረው ዶሮ እየጠቆመ። «ደቦኛ ደቦኛን አይነካም። ዶሮ ግን ደቦኛ ናት እንዴ? ሽምብራ ስትነቅል ማን አያት? ደግሞ እንቁላል መጣል አቁማለች። ቤቷ የተኛችው አራሷ ሚዳቋ እንቁላል ካገኘች ይኸው ሦስት ቀኗ። የማትጥል ዶሮ ለምን ትሆናለች? ለወጥ!»

የዶሮ ላባ በሙሉ ቆመ።

«ውሸት ነው! በየማለዳው ጥያለሁ! ሚዳቋ ደጃፍ በተቀመጠው ቅርጫት ውስጥ በየማለዳው አስቀምጫለሁ!»

«ታዲያ ማን በላው? ቅርጫቱ?» አለ ቀበሮ። ጅብ እስኪያስለው ሳቀ።

የአንበሳ ሆድ ጮኸ። «ቀበሮ ያለው ከደንቡ አይወጣም» አለ። «ለእራት ትታረድ።»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ዶሮ ዘላ ከፊቱ ቆማ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? ጌታዬ፣ በክረምት ጥርስዎ ሲነቃነቅ ሥጋ ማኘክ አቅቶዎት አልነበረም? እንቁላል ከወተት ጋር እየተመታ ሲጠጡ የከረሙት የማንን ነው? አሁን ጥርስዎ ሲጠና በእኔ ሊሞክሩት ነው? ለመሆኑ ብታርዱኝ ለስንታችሁ እደርሳለሁ? አንዳንድ ጉርሻ ናት! በማግስቱስ? ሚዳቋ ግልገሏን ምን በልታ ልታጠባ ነው?»

አንበሳ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ፍርዱን ግን አላነሣም።

«እሺ» አለች ዶሮ። «ትልም ስጡኝ። ከጅብ ትልም እኩል የሆነ። ንፍሮ ጉልበት የለውም ያለ አይብላ፤ እኔ ግን በልቼ እገባለሁ። ጅብን ከቀደምኩት ደቦኛ ነኝ። ከቀደመኝ አንገቴ ያውላችሁ።»

«ተይ እህቴ!» አለች አህያ ደንግጣ። «እሱ እኮ ጅብ ነው!»

«ንፍሮሽን አቅርቢልኝ እህቴ።»

አንበሳ በራሱ ንቅናቄ ተስማማ። ጅብ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ዶሮ! ከእኔ ጋር! ኧረ በሳቅ ሞትኩ! በሉ ውኃው ይጣድ!»

«አደራ አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፤ «ንፍሮውን እንዳትነካ። ሆድህን ለሥጋው ጠብቅ።»

«ሞኝ ነኝ እንዴ?» አለ ጅብ።

ዶሮ ንፍሮዋን ፍሬ በፍሬ ለቀመች። ማንቁርቷ እስኪወጠር በላችና ወደ ትልሟ ገባች። ሥሩን በጥፍሯ ትጭራለች፤ ግንዱን በመንቁሯ ይዛ ወደ ኋላ ትስባለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። መንገድ ላይ ያገኘችውን ትል ግን አላለፈችም።

ጅብ መጀመሪያ ላይ እፍኝ እፍኝ እየነቀለ ጥሏት ሄደ። ነገር ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀመሰው ነገር አልነበረም። ትልሙ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ተብረከረከ። ቀና ብሎ ቀበሮን አየው። ቀበሮም ምሳውን አልበላም፤ ቢሆንም በአጠገቡ ባለው ትልም ላይ እንደ ጉድ ይነቅላል። በየመሀሉ ብቻ ከክምሩ ጀርባ ይሄዳል።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ የት ነው የምትመላለሰው?»

«ጸሎት ላደርስ።»

«አቤት ጽድቅ!» አለ ጅብ ለራሱ።

ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶም ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ ጅብ ተንበርክኮ ነበር።

«እባክህ ለእኔም ጸልይልኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።»

«ጸልዬልሃለሁ። ሥጋው ደርሷል፣ በርታ!»

ጅብ ግን አልበረታም። ዐይኑ ጭልም አለበትና ትልሙ ላይ ተዘረረ። «ሥጋው ደረሰ?» ብሎ አፈሩን ጠየቀ። አህያና ዝንጀሮ የየራሳቸውን ጨርሰው ቆመው ያያሉ። ዶሮ ጭር፣ ሳብ፣ ጭር፣ ሳብ እያለች አለፈችው። የመጨረሻዋን ግንድ ስትነቅል በጀርባዋ ወደቀች። ያኔ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ መንቁሯ ላይ አረፈች።

«ጨረሰች!» አለ ዝንጀሮ።

«አይቆጠርም!» ብሎ ቀበሮ ከክምሩ ጀርባ ወጣ። «ትል በልታለች! በዐይኔ አይቻለሁ!» ይህን እያለ ቦዩን ሲዘል ብብቱ ሥር የሸጎጠው ቋጠሮ ተፈታ።

መጀመሪያ የሽምብራ ቆሎ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ የአህያ የባቄላ ንፍሮ ፈሰሰ። ከዚያ የሁለት እንቁላል ቅርፊት ወደቀ። በመጨረሻ አንድ ያልተሰበረ እንቁላል እርጥብ አፈር ላይ ተንከባለለ። የዶሮዋ ቀይ ላባ ተጣብቆበት ነበር።

ጅብ ከተጋደመበት ራሱን ቀና አደረገ።

«ጸሎቱ ይሄ ነበር?»

«እኔማ...» አለ ቀበሮ፤ «ለጤና ይስማማ እንደሆነ እየቀመስኩላችሁ ነበር።»

«ለእኔ ሲሆን የድሃ ምግብ፤ ለአንተ ሲሆን ጸሎት!» ብሎ ጅብ ሊዘልበት ተነሣ። እግሩ ግን አልታዘዘውም። እየዳኸ ወደ ንፍሮው ድስት ሄደና ራሱን እስከ ጆሮው ከተተ።

«የአራስ ምግብ!» አለች አህያ። «ከአራስ አፍ ሰርቀህ፣ በዶሮ ላይ አላክከህ፣ ልታሳርዳት!» ቀበሮ ጅራቱን ወሽቆ ከክምሩ ኋላ ተሰወረ። አህያና ዝንጀሮም ዝናቡ ሳይበረታ የጅብን ግማሽ ትልም ነቅለው ለመከመር ተሯሯጡ።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጢሙን አሻሸ።

«ቀበሮ አጥፍቷል፤ ይወቀሳል። ዶሮም ከዛሬ ጀምሮ ደቦኛ ናት። በይ እንግዲህ ልጄ፣ ከገበታው ቅረቢ፤ ቂም አይያዝም። እንዲያውም ነገ ጠዋት ለእኔም አንድ እንቁላል ብታመጪልኝ...»

ዶሮ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በአፈር የተለወሰውን እንቁላል በላባዋ ጠረገችና በክንፏ ሥር አቀፈችው። በሚወርደው ዝናብ ውስጥ ወደ ሚዳቋ ቤት መንገዷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በየዕለቱ ጉልበት የሚሆነንን ባቄላ፣ ሽምብራና እንቁላል «የድሃ ምግብ» እያለ የሚያስንቀን ራሱ ተደብቆ ሊበላው እንደሚችልና፣ ዓመቱን ሙሉ የምትመግበንን ለአንድ ቀን ጉርሻ ለማረድ የፈረደ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ከእጇ ሊጎርስ እንደማይገባው ነው።